ለቆራሌ ከመስጠታችሁ በፊት አናግሯት

(ኮምቦልቻ ላይ ለኮምፒውተር ጥገና ሠልጣኞችና ለቢሮ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

እንደምን አላችሁ? ከደሴ ሀረጎን ወርዳችሁ፣ ከባቲ ዳገቱን ወጥታችሁ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቦታ ያጣችሁ ወደፊት ኑ፤ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር በኋላ በእጃችሁ ስለምትነኩት ቅርብ ብትሆኑ ይሻላል።

የማወራችሁ ስለ አንድ ገመድና ስለ አንድ ፕሮግራም ነው። ገመዱ ውስጡ ያለው ሦስት ሽቦ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ተርሚናል ኢሙሌተር ይባላል፤ በነጻ ይገኛል፣ በየትኛውም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። በእነዚህ በሁለቱ ሰው ሁሉ «ሞታለች» ያላት ማሽን መዝገቧን አውጥታ ስትሰጥ በዓይኔ ስላየሁ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማችን ያለ አንድ የንግድ ድርጅት መጋዘኑን ሊያጸዳ ፈልጎ ጠራኝ። «የሚወገዱ ንብረቶች» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ዕቃዎች በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፦ የተሰበረ ወንበር፣ የጽሕፈት መኪና፣ የዝገት ሽታ ያለው የፋይል ሳጥን። ከነሱ መሀል ከጉልበት ከፍ የምትል፣ አቧራ የለበሰች የብረት ሣጥን አለች። ስክሪን የላትም። ኪቦርድ የላትም። ከኋላዋ ግን ሃያ አምስት ሃያ አምስት ቀዳዳ ያላቸው ስምንት ሶኬቶች በሰልፍ ቆመዋል። ንብረት ክፍሉ «ይቺማ ኮምፒውተርም አይደለች፤ ቆራሌው በኪሎ ይወስዳታል» አለኝ። እኔ ግን እነዚያን ስምንት ሶኬቶች ሳይ ልቤ መታ። ስምንት ሶኬት ማለት በአንድ ወቅት ስምንት ሰው በአንዴ ይሠራባት ነበር ማለት ነው።

ወጣቶቹ ይህን አላያችሁትም፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ የንግድ ቤት ኮምፒውተር እንደ ዛሬው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አልነበረም። አንዲት ማሽን ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ከሷ ገመድ ተዘርግቶ በየጠረጴዛው ላይ ተርሚናል ይደረጋል። ተርሚናል ማለት ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። ሒሳቡን አይሠራም፣ ፋይል አያስቀምጥም። የተጫነውን ፊደል ወደ ማሽኗ ይልካል፣ ከማሽኗ የመጣውን ፊደል ያሳያል። ሒሳቡ፣ ደመወዙ፣ የመጋዘኑ ገቢና ወጪ፣ ሁሉም ያለው ጥግ ያለችው ሣጥን ውስጥ ነው። እንግዲህ ዓመታት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚሞቱት ተርሚናሎቹ ናቸው። የስክሪኑ ቱቦ ይደክማል፣ ኪቦርዱ ይነቀላል፣ መለዋወጫ ይጠፋል። ሣጥኗ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ናት። አፍና ጆሮዋን ያጣች ናት እንጂ የሞተች አይደለችም።

ተርሚናል ኢሙሌተር ያንን የጠፋ ተርሚናል ሆኖ የሚቀርብ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፓችሁ ለጊዜው ላፕቶፕነቱን ትቶ የዚያ ዘመን ተርሚናል ይሆናል። ሰኞ ባቲ ገበያ የሄደ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አፋሩ ግመሉን ይዞ ይመጣል፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፣ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው ይቀላቀላል። ገበያው የሚቆመው የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መሀል ስለሚገባ ነው። ያ ሰው ግን አፋርኛ ለሚጠብቅ ሰው ኦሮምኛ ቢያወራ ግብይቱ ይፈርሳል። የእኛም ሥራ ግማሹ ይኸው ነው፦ ማሽኗ የየትኛውን ተርሚናል ቋንቋ እንደምትናገር ማወቅ።

ገመዱን እናስቀድም። የሶኬቱ ደንብ አርኤስ-232 ይባላል፤ ሥሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 ነው። በሃያ አምስቱ ቀዳዳ አትደንግጡ፤ ለእኛ የሚበቁን ሦስት ናቸው። አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ የጋራ መሬት ነው። በትልቁ ሶኬት ላይ 2፣ 3 እና 7 ናቸው። ከላፕቶፑ የዩኤስቢ ኮንቨርተር በሚመጣው ባለ ዘጠኝ ሹል ሶኬት ላይ ደግሞ 2፣ 3 እና 5። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በትልቁ 2 ቁጥር ላኪ ሲሆን በትንሹ 2 ቁጥር ተቀባይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከቁጥሩ፣ 2ን ከ2፣ 3ን ከ3 ስታያይዙ ሽቦው ራሱ ተሻግሯል ማለት ነው፤ ደግማችሁ አታሻግሩት። ግን አንዳንድ ማሽን ሶኬቱን በተቃራኒው ያሰናዳል። በግምት አትሂዱ፣ መልቲሜትር አምጡ። ማሽኗ በርታ ዝም ባለችበት ሰዓት የምትልክበት ፒን ከመሬቱ አንጻር ኔጋቲቭ ነው፤ ከ3 እስከ 15 ቮልት ኔጋቲቭ ያሳያችኋል። ይህን ያሳየው ፒን የማሽኗ አፍ ነው፤ የላፕቶፑን ጆሮ እዚያ ግጠሙ። ሌላው ደግሞ አንዳንድ ማሽን ከወዲያ ማዶ ሰው መኖሩን የሚያበስር ምልክት ካላገኘች አትናገርም። ያን ጊዜ በትልቁ ሶኬት ላይ 4ን ከ5፣ 6ንና 8ን ከ20 ጋር በአጭር ሽቦ ታያይዛላችሁ። ለራሷ የላከችውን ምልክት መልሳ ትሰማለች፣ ሰው አለ ብላ ትጀምራለች።

ኮንቨርተር ስትገዙ ተጠንቀቁ። ለትናንሽ ቦርዶች የሚሸጡት ባለ 3.3 ወይም ባለ 5 ቮልት ኮንቨርተሮች ለዚህ አይሆኑም፤ የአርኤስ-232 ቮልቴጅ ሊያቃጥላቸው ይችላል። ወደ ማሽኗ ከመሄዳችሁ በፊትም በባለ ዘጠኙ ሶኬት ላይ 2ን ከ3 አገናኙና ኢሙሌተሩ ላይ ጻፉ። የጻፋችሁት ፊደል ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ከመጣ የእናንተ በኩል ደህና ነው። ይህን አንድ ደቂቃ የማይወስድ ሙከራ ስላልሠራሁ ግማሽ ቀን ያለ ጥፋቷ ማሽኗን ስጠረጥር የዋልኩበት ቀን አለ።

ወደ መጋዘኗ ልመለስ። አቧራውን አራገፍን፣ የኃይል ሣጥኑን ለብቻው ፈተሽን፣ ከዚያ አበራናት። ዲስኩ እንደ ወፍጮ ድምፅ እያሰማ ተነሣ። ላፕቶፑን በ9600 ፍጥነት (በሰከንድ 9600 ቢት ማለት ነው፤ ቢት አንድ ወይም ዜሮ ነው)፣ በ8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ ማለትም ያለ ስሕተት መቆጣጠሪያ ቢት አዘጋጅቼ ኢንተርን ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ ፊደል መጣ! ግን ግማሹ ፊደል፣ ግማሹ ጉድ። ይህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥማችሁ ደስ ይበላችሁ እንጂ አትዘኑ። ፍጥነቱ የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ጉድ ይሆን ነበር፤ ግማሹ ልክ ከሆነ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ የተሳሳተው ፓሪቲው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኗ የምትልከው 7 ቢት ነው፤ ስምንተኛውን ለቁጥጥር ትጠቀምበታለች። በፊደሉ ውስጥ ያሉት አንዶች ጎዶሎ ከሆኑ አንድ ጨምራ ሙሉ ታደርጋቸዋለች። እኔ ስምንቱንም እንደ ፊደል ስለማነብ፣ የተጨመረበት ሁሉ ይበላሽብኛል። «ብር» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቢ፣ አይ፣ አር፣ አር ነው። ቢ ሁለት አንድ ስላለው ንጹሕ ሆኖ ይመጣል፤ አይና አር ግን ሦስት ሦስት አንድ ስላላቸው ይበላሻሉ። ስክሪኔ ላይ ደጋግሞ የሚመጣው አንድ ቢና ከኋላው ሦስት ጉድ ነበር። ሒሳብ መዝገብ ላይ በቢ ጀምሮ አራት ፊደል ያለው፣ ከየድምሩ ጎን የሚቆም ቃል ምን ሊሆን ይችላል? ወደ 7 ቢትና ወደ ሙሉ ፓሪቲ ለወጥኩት፤ «ብር» ቁጭ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ እንባ ተናንቆኝ ነበር።

ፊደሉ ጠራ፤ ሜኑው ግን ቅርጽ የለውም። ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ተያይዞ ይፈስሳል፤ በየቃሉ ፊት ደግሞ ትርጉም የሌላቸው ሁለት ሁለት ምልክቶች ይመጣሉ። ከመጀመሪያው ምርጫ ፊት «$)»፣ ከሁለተኛው ፊት «%)»፣ ከሦስተኛው ፊት «&)»። ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ሁለተኛው ምልክት አይለወጥም፤ የመጀመሪያው አንድ አንድ እየጨመረ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር በሚሰጠው በአስኪ ሠንጠረዥ ላይ የዶላር ምልክት 36፣ ፐርሰንት 37፣ ያቺ ሦስተኛዋ 38 ናት። ከእያንዳንዱ 31 ስትቀንሱ 5፣ 6፣ 7 ይሆናል። ቅንፉ 41 ነው፤ 31 ሲቀነስ 10። ለካ ጉድ አይደለም፣ አድራሻ ነው! «አምስተኛው መስመር፣ አሥረኛው ቦታ ላይ ጻፍ» እያለችኝ ነው። እንዲህ የሚናገረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 የወጣው ዋይዝ 50 የሚባለው አረንጓዴ ስክሪን ተርሚናልና የሱ ቤተሰብ ነው። እኔ የከፈትኩት ኢሙሌተር ደግሞ የሚያውቀው በ1978 የወጣውን የቪቲ 100 ተርሚናልን ቋንቋ ነው። እስኬፕ የሚባለው ስክሪን ላይ የማይታይ ምልክትና እኩል ይሆናል ምልክት ተከትለው ሲመጡ ለዋይዝ «አድራሻ እየመጣ ነው» ማለት ነው፤ ለቪቲ ግን «የቁጥር ቁልፎቹን አሠራር ቀይር» ማለት ነው። ስለዚህ ኢሙሌተሬ ትእዛዙን በራሱ ቋንቋ ተረድቶ አለፈው፣ አድራሻውን ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ጣለው። ማሽኗ ትክክል ትናገር ነበር፤ ያልገባው የእኔ አስተርጓሚ ነበር።

ከዚህ ሌላ የምታገኙት ምልክት ደግሞ አለ። በሜኑው ዙሪያ ሣጥን መሳል ሲገባ ኤል፣ ከዚያ ብዙ ኪው፣ ከዚያ ኬ የሚባሉት የላቲን ፊደላት ተደርድረው ካያችሁ፣ ያቺ ማሽን የቪቲ ወገን ናት፤ ኢሙሌተሩ ወደ መስመር መሳያ ፊደላቱ አልተሻገረላትም። ጉድ የሚመስለውን ሁሉ ከማጥፋታችሁ በፊት በወረቀት ገልብጡት፤ ማሽኗ ማን መሆኗን የምትነግራችሁ በዚያ ነው።

የትኛውን ፕሮግራም እንጠቀም ትሉኝ ይሆናል። ለቪቲ ወገን ሳይመን ታተም የጀመረው ፑቲ ይበቃል፤ ቴራ ተርምም ጥሩ ነው። ለዋይዝ ግን እኔን ያወጣኝ ከርሚት ነው። ከርሚት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሥራ ነው፤ ለዊንዶውስ የተሠራው ከርሚት 95 ብዙ ዓይነት ተርሚናል ይሆናል፣ ዋይዝ 50ን ጨምሮ። ማሽኗ የአይቢኤም ከሆነች፣ ለምሳሌ በ1988 የወጣችው ኤኤስ/400፣ ነገሩ ሌላ ነው። ተርሚናሏ ፊደል በፊደል አይልክም፤ ሙሉ ቅጽ ይቀበላል፣ ሰው ሞልቶ ኢንተር ሲጫን በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ፊደሏም አስኪ ሳይሆን ኤብሲዲክ ነው፤ በአስኪ 65 የሆነው ኤ በዚያ 193 ነው። በዚህ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ አትጨነቁላት፤ በኔትወርክ የሚገባላት የራሷ ኢሙሌተር አላት።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። ሜኑው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስምና ፓስዎርድ ይጠይቃል። ድርጅቱ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም። ጡረታ የወጡ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እዚሁ ከተማ አሉ ተባለና ሄጄ ለመንኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ሣጥኗን አይተው «ውይ! ይቺ አለች እንዴ?» አሉ። «እትዬ፣ ፓስዎርዱን ያስታውሱታል?» አልኳቸው። «ከየት ልጄ! ስንት ዓመቱ!» አሉኝ። ላፕቶፑን ፊታቸው አደረግሁት። ዝም ብለው ትንሽ አዩት፣ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ስለ ልጆቼ እየጠየቁኝ ጣታቸው ጻፈው። ገባ። «አብሽር ልጄ፣ አልሞተችም» አሉኝ።

አንድ ገጽ ካየን በኋላ «በኤፍ 3 ውጣ» ይላል። ኤፍ 3ን ይጫናሉ፣ አትወጣም። የቁልፉን ነገር ገና አላስተካከልኩትም ነበር፤ የላፕቶፔ ኤፍ 3 የሚልከው ሌላ ነው። የዋይዝ ኤፍ 1 ሲጫን የሚሄደው ኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ የኢሜይሏ ምልክት @፣ ከዚያ ኢንተር ነው። ኤፍ 2 ላይ በምልክቷ ፋንታ ትልቁ ኤ፣ ኤፍ 3 ላይ ትልቁ ቢ ይገባል። ስለዚህ ኮንትሮል ኤን ይዤ ለቀቅሁ፣ ትልቁን ቢ ጻፍኩ፣ ኢንተር አልኩ። ወጣች። እትዬ በሣቅ «እኛ በአንድ ጣት የምንሠራውን አንተ በሦስት!» አሉኝ። ስክሪኑ በድንገት ቢቆምባችሁም ማሽኗን እንዳታጠፏት። አንድ ሰው ሳያውቅ ኮንትሮል ኤስን ነክቶ ይሆናል፤ እሱ «ዝም በይ» ማለት ነው። ኮንትሮል ኪው ስትሉ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

መዝገቡን ያወጣነው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ሪፖርቱን በስክሪን እንዲያሳይ እናዘዋለን፤ ኢሙሌተሩ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ወደ ፋይል እንዲጽፍ ሎጉን እንከፍታለን። በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል ከነመጀመሪያና መጨረሻ ምልክቱ 10 ቢት ስለሚወስድ በሰከንድ የሚያልፈው 960 ፊደል ነው። የተርሚናል ስክሪን 24 መስመር በ80 ፊደል፣ 1,920 ፊደል ስለሆነ አንዱ ገጽ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል፤ ከላይ ወደ ታች ሲሞላ በዓይን ይታያል። መዝገቡ በጠቅላላ ስድስት ሚሊዮን ፊደል ያህል ነበር። ሁለት ሰዓት አልሞላም። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይወርድ አለቀ።

ፋይሉን ስናይ አንድ ነገር አስገረመኝ። በየዓመቱ ነሐሴ 30 ቀን ላይ ደረሰኝ ተከምሯል፤ የሌላው ቀን ብዙ እጥፍ። ሌብነት ይሆን ወይስ ስሕተት እያልኩ ስጨነቅ እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «እኒህ የነሐሴ አይደሉም፤ የጳጉሜ ናቸው» አሉ። ፕሮግራሙ የተጻፈው ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው ብሎ ነው። 13 ብለው ሲጽፉለት እምቢ ይላል። ስለዚህ የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን በነሐሴ 30 ላይ ያስገቡ ነበር፤ ትክክለኛውን ቀን የሚጽፉት በማብራሪያው ቦታ ላይ ነው። የደንበኞቹም ስም እንዲሁ ነበር። በዚያ ዘመን አስኪ ያለው 128 ቦታ ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ ስለሆነ በዚያ ውስጥ አይገባም። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ቋንቋዎች ፊደላት በአንድ በሚቆጥረው በዩኒኮድ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እናም አንዱ ደንበኛ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ሰው ሆኖ ቆሟል፤ አንድ መሆኑን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ኢሙሌተሩ ፊደሉን አወጣልኝ፤ እነዚህን ሁሉ ግን የነገሩኝ እትዬ ናቸው። እባካችሁ ማሽን ስትፈልጉ ሠራተኛዋንም ፈልጉ፣ ቶሎ ፈልጉ።

ይህን ሁሉ በዚህ ትጋት የምነግራችሁ ለምንድነው? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያገኝ ስንቱ ቢሮ ከነመዝገቡ እንደወደመ እናንተው አይታችኋል። የጡረታ አበል ለማስከበር የአገልግሎት ዘመኑን የሚያስረዳ ወረቀት ያጣ ሰው በየቤታችን አለ። በየመጋዘኑ ጥግ የቀረች አሮጌ ሣጥን ካለች፣ ምናልባት የዚያ ሰው የሃያ ዓመት ደመወዝ ዝርዝር እሷ ውስጥ ብቻ ይሆናል። ቆራሌው በኪሎ ሲወስዳት ያ ሰው አብሮ ይሄዳል።

እሺ፣ ንግግሩ ይብቃ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ኮንቨርተር፣ ባዶ ሶኬቶች፣ ሽቦና ማያያዣ ብረት አለ። ከወዲህ በኩል ያላችሁ ባለ ሃያ አምስቱን ያዙ፣ ከወዲያ ያላችሁ ባለ ዘጠኙን። መጀመሪያ 2ን ከ3 አገናኙና ስማችሁን ጻፉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥሩኝ።